ከቀለሙ በፊት ያለው ሥራ፦ በሎንግ-ኢዚ መመሪያ ላይ አንድ ቅሬታ

የአሜሪካዊው መሐንዲስ በርት ሩታን ሐሳብ ዛሬም ሲያዩት ደፋር ነው። ሞልድ የሚባል ነገር የለም። ስታይሮፎሙ በጋለ ሽቦ በክንፍ ቅርጽ ይቆረጣል፣ ላዩ ላይ የፋይበር ግላስ ጨርቅ በኢፖክሲ ይለበጣል፣ በቃ ክንፍ ሆነ። ቫሪኢዚ በ1975፣ ሎንግ-ኢዚ ደግሞ በ1979 (እ.ኤ.አ.) በዚሁ ዘዴ ተሠርተው በረሩ።

የሎንግ-ኢዚን የግንባታ መመሪያ አደንቀዋለሁ። አውሮፕላን ሠርቶ የማያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲሠራ የተጻፈ ነው፤ ለዚህም መጀመሪያ ትንንሽ መለማመጃዎች ያሠራዋል። ቅሬታዬ አንድ ነው። መሙላት፣ መፈግፈግና መቀባት ወደ መጨረሻው ተገፍተዋል። አንባቢም «ይሄማ ውበት ነው፣ ይደረስበታል» ብሎ ያልፈዋል።

መኪናውን ባትላሜራ ጋር ያሠራ ሰው ስቱኮ ምን እንደሚሠራ ያውቃል፤ ጉድለት ይደብቃል። እዚህ ስቱኮው «ማይክሮ» ይባላል፦ ኢፖክሲ፣ ውስጣቸው ባዶ ከሆነ ደቃቅ የመስታወት ቅንጣቶች ጋር የተደባለቀ። ቀጠን ብሎ ከጨርቁ በፊት ፎሙ ላይ ሲቀባ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ኢፖክሲው ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ያደርጋል። ወፈር ብሎ ከጨርቁ በኋላ ሲመጣ ግን ጎድጓዳ መሙያ ብቻ ነው። እስቲ እናስላው፦ 15 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ማይክሮ ብንለብጥ 15 ሊትር ይሆናል። ሊትሩ ግማሽ ኪሎ ቢመዝን እንኳ 7.5 ኪሎ፤ ያውም ባዶውን 320 ኪሎ ገደማ በሚመዝን አውሮፕላን ላይ! ጎድጓዳው የመጣው ደግሞ ያኔ፣ ሽቦው ፎሙ ላይ ዘግይቶ ከሚገባው በላይ ሲያቀልጥ ነው።

ከክብደቱ የሚብስም አለ። ጉብታ ሲያጋጥም እጅ ወዲያው ወደ ብርጭቆ ወረቀት ይሄዳል። አንዱ የጨርቅ ንጣፍ ውፍረቱ ከሚሊሜትር ሲሶ አይበልጥም፣ ጭነቱን የሚሸከመውም እሱ ነው። ሸካራ ወረቀት በጥቂት ምት ይበላዋል። ማድረግ ያለብን ላዩ ማብረቅረቁን እስኪተው ብቻ መፈግፈግ፣ ከዚያ ጉብታውን ትቶ ዙሪያውን መሙላት ነው።

«ገጽታ ውበት ነው» ለሚል ደግሞ የካናርዱን ታሪክ ልንገረው። ፊት ያለው ትንሹ ክንፍ መጀመሪያ የተሠራው ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በነደፈው ቅርጽ ነበር። ቅርጹ አየር ሳይታወክ እንዲያልፍበት የታሰበ ስለሆነ ዝናብ ሲመታው ወይም ነፍሳት ሲለጠፉበት የማንሳት ኃይሉ ይቀንሳል፣ አፍንጫው ወደ ታች ይላል፣ አብራሪውም መሪውን ወደ ራሱ መሳብ ይኖርበታል። ኋላ ጆን ሮንክዝ በነደፈው ቅርጽ ተተካ። የውሃ ጠብታ ይህን ካደረገ፣ በደንብ ያልተፈገፈገ ፊተኛ ጠርዝስ?

ነጩም ቀለም ለጌጥ አይደለም፤ ጠቆር ያለ ቀለም በፀሐይ ይግላል፣ ኢፖክሲውም ፎሙም በሙቀት ይለሰልሳሉ።

ኤሌቬተሩን ለመጨረሻ ያስቀረሁት በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው። ከማጠፊያው ኋላ የተጨመረ ጥቂት ማይክሮና ቀለም ሚዛኑን ያዛባል፣ ሚዛኑ የተዛባ ኤሌቬተር ደግሞ በፍጥነት ላይ ሊርገበገብና ሊገነጠል ይችላል። ስለዚህ ከተቀባ በኋላ እንደገና ይመዘናል። ይህን ማስጠንቀቂያ ከመጀመሪያው መለማመጃ ጎን ባገኘው ኖሮ ቅሬታዬ ግማሹ ይቀር ነበር።