በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ስለሚገኙ ስሞች ትርጓሜ

ሕፃን ርስት ከመውረሱ፥ ትምህርትም ከመቅሰሙ አስቀድሞ ስም ይቀበላል። በአገራችን ክርስቲያኖች ዘንድ ይህ ስም ሁለት ነው፤ አንደኛው ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ካህኑ የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው፤ ሁለተኛው እናትና አባት የልባቸውን ደስታ ወይም ኀዘን የሚገልጹበት የዓለም ስም ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚባለው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። በልብ ወለድ መጽሐፍ ግን መልአኩ ራሱ ደራሲው ነውና፥ ስሙ ቢሰምርም ባይሰምርም የሚጠየቀው እርሱ ነው።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ስላሳተሙት ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ሊቃውንት ጽፈዋል። ስለ ፍቅሩም፥ ስለ ባላባትና ባላገር ጠብም ተናግረዋል። እኛ ግን ዛሬ ስሞቹን ብቻ እንመረምራለን፤ በውስጣቸው ሰምና ወርቅ አለና። ስምን የሚቆርጥ ሰው ምስጢሩንም አብሮ እንደሚቆርጥ በዚህ ይታወቃል።

ደራሲው በጎጃም ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። የራሳቸው ስም እንኳ ከአባታቸው ስም ጋር ሲነበብ «ሐዲስ ዓለም አየሁ» የሚል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ስም አውጪ የአባቱን ስም አስቦ የልጁን ስም እንዲገጥም ማድረጉ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ደራሲውም ይህን ልማድ ወደ መጽሐፋቸው አግብተውታል። የበዛብህ አባት ቦጋለ መብራቱ ይባላል፤ ይኸውም «መብራቱ ቦግ አለ» ማለት ነው። ባላገሩን የሚመራው ሰው አበጀ በለው ነው፤ አንድ አድርጎ ለሚያነበው «ደግ አደረገ ብለህ አመስግነው» ይላል፤ የአባቱን ስም ለይቶ ለሚሰማው ግን «በለው» የጦር ጩኸት ነው።

ከሁሉ የጠለቀው «በዛብህ» የሚለው ነው። «ብህ» በቋንቋችን ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው «በአንተ ምክንያት» ማለት ነው፤ ሁለተኛው ጉዳትን ያመለክታል፤ «ፈረደልህ» እና «ፈረደብህ» የሚለያዩት በዚህ ነው። ስለዚህ በሰሙ፥ ልጅ ለሚሻ ቤት «ወገናችን በአንተ በዛ» የሚል የደስታ ቃል ነው። በወርቁ ግን «ከአቅምህ በላይ ሆነብህ» ይላል። ይህ ልጅ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነው፤ ሳይጠየቅ ስለቱ ተጫነበት፤ ቀጥሎም የባላባት ልጅ ፍቅር ተጨመረበት። ወላጆቹ በተስፋ ያወጡት ስም በመጽሐፉ መጨረሻ ፍርድ ሆኖ ይነበባል። አንድ ፊደል ሳይለወጥ ምርቃቱ ወደ ኀዘን መዞሩ እውነተኛ ኅብር ነው።

«ሰብለ ወንጌል» ግእዝ ነው፤ የወንጌል እሸት፥ የወንጌል አዝመራ ማለት ነው። «ሰብለ» ዘርፍ አያያዥ ቃል ስለ ሆነ ብቻውን አይቆምም፤ የማን ሰብል እንደ ሆነች ያጠይቃል። አንባቢው «ሰብለ፥ ሰብለ» እያለ በሚከተላት ጊዜ ጥያቄው ሳይመለስ ይቆያል። አባትዋ ለዘራቸው ክብር ይፈልጓታል፤ በዛብህም ለፍቅሩ ይፈልጋታል፤ እርስዋ ግን የማንኛቸውም አዝመራ አልሆነችም። በዛብህ ከሞተ በኋላ መንኵሳ ስትኖር፥ ተንጠልጥሎ የነበረው ስም ዘርፉን አገኘ። ይህን የሚያስተውል፥ ስሙ ገና ከመጀመሪያው የታሪኩን ፍጻሜ ተሸክሞ እንደ ነበረ ይረዳል።

የፊታውራሪ መሸሻ ስም በተቃራኒው ይሄዳል። መሸሻ ማለት መጠጊያ ነው። ባላገሩ ግን ከእርሳቸው የሚሸሽበትን እንጂ ወደ እርሳቸው የሚሸሽበትን ምክንያት አላገኘም። ካሣ ዳምጤ ደግሞ የወላጆቹን ስም ሕዝቡ የነጠቀው ሰው ነው። ካሣ ለተበደለ የሚከፈል ነው፤ እርሱም ከባላባት ወገን ሆኖ ሳለ ስለ ድሆች በመናገር የወገኖቹን ዕዳ ሊከፍል የሚደክም ይመስላል። መንደሩ ግን «ጉዱ» ብሎ ሰየመው። የሚያሳዝነው፥ ጉድ የተባለው እርሱ ሲሆን፥ ጉዱን የሚያሳየው እርሱ መሆኑ ነው።

ሆኖም ሁሉም ስም እኩል አልሰመረም። የበዛብህ እናት «ውድነሽ በጣሙ» መባልዋ ለጆሮ ያስደስታል፤ ነገር ግን ሰሙና ወርቁ አንድ ስለ ሆኑ ሰሚው የሚፈታው ነገር አያገኝም። የፊታውራሪ ሚስት «ጥሩ አይነት» መባላቸውም በዘር ቆጠራ ለሚመካ ቤት ፈጥኖ የተገለጠ ነቀፋ ነው። ቅኔ ያለ ሰም ከሆነ ወርቁ ይቀላል።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ስለ አንድ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁሉ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፥ ሕዝቡ በስሙ፥ በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን አልተወም። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን የአያት ስም እንደ ቤተ ዘመድ ስም ተቈጥሮ ከልጅ ወደ ልጅ ሲያልፍ ያያሉ፤ በዚያን ጊዜ ልጅና አባት የገጠሙት ዐረፍተ ነገር ይፈርሳል። በከተማችንም «ኃይለ ማርያም» የተባለውን «ኃይለ» ብሎ የሚቆርጥ ብዙ ነው፤ የማን ኃይል እንደ ሆነም አይጠይቅም።

ስለዚህ ይህን መጽሐፍ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፥ ለተማሪዎቻችሁ ታሪኩን ከመተረካችሁ በፊት ስሞቹን ከነአባታቸው ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡ አድርጉ። ከዚያም እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ስም ከአባቱ ስም ጋር አንብቦ ትርጓሜውን ከወላጆቹ ይጠይቅ፤ ያወጡለት ሰዎች በሕይወት ሳሉ መጠየቁ ይሻላልና።