«ኃይል አጣ»፣ «መሬት ነካ»፦ በመርከብ አደጋ ትርጉሞች ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት ትርጉም ጉድለት ጐልቶ የሚታየው ስለ አደጋ በሚነገርበት ጊዜ ነው። ስለ ትላልቅ ባለሞተር የመዝናኛ መርከቦች አደጋ ወደ አማርኛ የሚመለሱትን ዜናዎች ስንመረምር ሦስት አገላለጾች ደጋግመው ይገጥሙናል፤ እነርሱም «ቅንጡ ጀልባ»፣ «ኃይል አጣ» እና «መሬት ነካ» የሚሉት ናቸው። ሦስቱም በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለባቸውም። ሆኖም አንባቢው የደረሰውን ነገር ከእነርሱ ሊረዳ አይችልም፤ አንዳንድ ጊዜም የተገላቢጦሹን ይረዳል።

ከመጀመሪያው እንነሣ። «ጀልባ» የሚለው ቃል በአንባቢው አእምሮ የሚቀርጸው ትንሽ ነገር ነው። በየካቲት 2004 ዓ.ም. በግሪክ ስኪሮስ ደሴት አጠገብ የሰጠመው «ዮጊ» የተባለው የመዝናኛ መርከብ ግን 60 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። የባሕር ደንብ አውጪዎች ትልቅ የሚሉት የመዝናኛ መርከብ 24 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ስለ ሆነ፣ እኛም በዚህ ልክ ከፍለን ከ24 ሜትር በታች ያለውን «የመዝናኛ ጀልባ»፣ ከዚያ በላይ ያለውን «የመዝናኛ መርከብ» ብንል ሐሳቡ ይጠራል። ጕዳዩ የባዕድ አገር ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጓጕዛ ባሕር ዳር የደረሰችው «ጣናነሽ 2» 38 ሜትር ርዝመት ሳላት አንዱ ጀልባ፣ ሌላው መርከብ ሲላት ሰምተናል። «ቅንጡ» የሚለው ቅጽልም የባለቤቱን ሀብት እንጂ የመርከቡን ዓይነት አይገልጽም፤ ለዓይነቱ «ባለሞተር» እና «ባለሸራ» የሚሉት ይበቃሉ።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው። «ኃይል» በአማርኛ ጕልበትም፣ ኤሌክትሪክም፣ ሠራዊትም ነው። የባሕር ኃይል መርከብ ኃይል አጣ ብንል አንባቢው ወታደር አነሰው ብሎ ሊረዳ ይችላል። በመርከብ ላይ ግን ቢያንስ ሦስት ነገሮች በየራሳቸው ይቋረጣሉ። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ መብራቱ፣ የመቈጣጠሪያ መሣሪያውና ፓምፑ ይቆማሉ። ገፊው ኃይል ሲቋረጥ ውልብልቢቱ መዞሩን ያቆማል። መሪው አልታዘዝ ሲል ደግሞ ሞተሩ እየሠራም ቢሆን መርከቡ አቅጣጫውን አይለውጥም።

እነዚህ ሦስቱ አንዱ ሌላውን ሊያስከትል መቻሉ ለያይቶ መሰየምን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. 1,373 ሰዎች የጫነው «ቫይኪንግ ስካይ» የተባለ የሽርሽር መርከብ በኖርዌይ ጠረፍ በማዕበል መካከል ሞተሮቹ ጠፉ። በቂ ዘይት ያልነበራቸው ጀነሬተሮች መርከቡ ሲናወጥ የዘይት ግፊታቸው ወርዶ ቆሙ፤ ውልብልቢቱን የሚያዞሩት ሞተሮች በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ስለ ነበሩ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ገፊው ኃይልም አብሮ ተቋረጠ። መርከቡ በነፋስ እየተገፋ ወደ ዐለቱ ቀረበ፤ ከመላተሙ ጥቂት ቀደም ብሎ ሞተር ተነሣና ተረፈ። በአንጻሩ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀናት የዘጋው 400 ሜትሩ «ኤቨር ጊቭን» ሞተሩ እየሠራ ነው ከዳር የተቀረቀረው። ሁለቱን ታሪኮች በአንድ «ኃይል አጣ» መጠቅለል ምክንያቱን ከአንባቢው መሸሸግ ነው።

ሦስተኛው «መሬት ነካ» የሚለው ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ መሬት የባሕር ተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ መርከብ መሬት ነካ ሲባል በደኅና ወደብ ደረሰ ተብሎ ሊተረጐም ይችላል። ይህን የፈሩ ተርጓሚዎች ደግሞ ወደ «ሰጠመ» ይሸሻሉ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በግሪክ ኪትኖስ ደሴት 49 ሜትር ርዝመት ያለው «007» የተባለ የመዝናኛ መርከብ ጥልቀት በሌለው ውሃ ተቀርቅሮ ወደ ጐኑ ዘመመ። ዮጊ ሰጠመ፤ 007 ግን ተቀረቀረ፣ ዘመመም። ስለ ሁለቱም አንድ ግሥ የሚጠቀም ሰው ዜና አላስተላለፈም።

«አማርኛ የደጋ ሰው ቋንቋ ስለ ሆነ ለባሕር ቃል የለውም» የሚል መከራከሪያ ዘወትር ይቀርባል። ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጅባት አረቅጥ ከጉመር ደጋ ላይ ያለች፣ ከባሕር እጅግ የራቀች ከተማ ናት። ነገር ግን በክረምት ወደ ወልቂጤ የሚወርድ ሾፌር በመኪናው ላይ የደረሰውን ሲናገር አንዱን ከሌላው አያደባልቅም። ሞተሩ ጠፋ፣ መሪው እምቢ አለ፣ ተንሸራተተ፣ ጭቃ ያዘው፣ ተቀረቀረ፣ ዘመመ፣ ተገለበጠ ይላል፤ እያንዳንዱ ቃል የተለየ እርዳታ እንደሚጠይቅም ሰሚው ያውቃል። የተቀረቀረ ይጐተታል፤ የተገለበጠ ይቃናል፤ ሞተሩ የጠፋ ተገፍቶ ይነሣል። ለመርከቡ የሚያስፈልገው ልዩነት በመንገድ ላይ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

እነዚህ ቃላት የሾፌርና የረዳት ስለ ሆኑ ለመዝገበ ቃላት አይመጥኑም የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን አንድ የሙያ ቃል የሚመዘነው በተናጋሪው ማዕርግ ሳይሆን ነገሩን ለይቶ በማሳየቱ ነው እንላለን። በዚህም መሠረት «የኤሌክትሪክ መቋረጥ»፣ «የገፊ ኃይል መቋረጥ»፣ «የመሪ አለመታዘዝ» ለመነሻው፣ «መገፋት» በነፋስና በማዕበል ለሚሆነው ጕዞ፣ «ወለል መንካት»፣ «መቀርቀር»፣ «ከዐለት መላተም»፣ «መዝመም»፣ «መገልበጥ» እና «መስጠም» ለፍጻሜው እንዲወሰኑ ሐሳብ እናቀርባለን። «ወለል መንካት» የባሕሩን ወለል ነክቶ ለሚያልፈው፣ «መቀርቀር» ተይዞ ለሚቀረው ይሁን።

ይህ ለቃላት ጥራት ብቻ የሚደረግ ክርክር አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና በቢሾፍቱ ባቦጋያ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በውጭ አገር መርከቦች ላይ ይሠራሉ። ወላጆቻቸው የመርከቡን ስም ያውቃሉ፤ ዜናውን የሚሰሙት ግን በአማርኛ ነው። ተቀርቅሮ ሳለ ሰጠመ የተባለ መርከብ ለአንዲት እናት ሌሊቱን ሙሉ የልጇ መርዶ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ግሡን ከመምረጡ በፊት የቆመው ምን እንደ ሆነ፣ መርከቡ ምን ላይ እንዳረፈና አሁን በውሃው ላይ መሆኑን ወይም አለመሆኑን ከምንጩ አጣርቶ ይጻፍ። ምንጩ ካልነገረው ደግሞ «አደጋ ደረሰበት» ብሎ ይቁም።