«አዳኝ» ስለተባለው ቀንድ አውጣ

ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ኮኑስ ጂኦግራፉስ ብሎ የሰየመውን የባሕር ቀንድ አውጣ በአማርኛ ለመግለጽ የሚነሣ ተርጓሚ፣ የባዕዱን ጽሑፍ ቃል በቃል ከተከተለ «መርዛማና አዳኝ ቀንድ አውጣ» ከሚለው ሐረግ ላይ ያርፋል። ሐረጉ በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለበትም። ሆኖም ከሁለቱ ቅጽሎች አንዱ አንባቢን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ሌላው ግራ ያጋባል እንላለን።

«መርዛማ እባብ» ስንል የእባብን ነዳፊነት አስቀድመን ስለምናውቅ ቃሉ አያሳስተንም። ቀንድ አውጣ ይነድፋል ብሎ የሚጠረጥር ግን የለም። ስለዚህ «መርዛማ ቀንድ አውጣ» የሚለውን ያነበበ ሰው፣ እንደ መርዛማ እንጉዳይ ሁሉ፣ አይበላም ማለት ነው ብሎ ያልፋል፤ ያማረውን ዛጎሉን ከማንሣት ግን አይቆጠብም። ፍጡሩ ሰውን የሚገድለው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ፣ እንደ ጦር የሾለ ጥርሱን ወርውሮ ይወጋል፤ መርዙ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ያሽመደምዳል፤ ማርከሻም አልተገኘለትም። እንስሳው በቀይ ባሕር ጭምር የሚገኝ ስለሆነ፣ ጅዳን በመሰለ የባሕር ዳር ከተማ ለሚኖር አማርኛ አንባቢ ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። «ተናዳፊ» ቢባል ማስጠንቀቂያው ከስሙ ጋር ይደርሰዋል። ለሳይንስ መዝገበ ቃላት ከግእዝ «ሕምዝ»ን ወስዶ በንድፊያ ለሚገባው መርዝ ብቻ መመደብ ይቻላል፤ ለሕዝብ በሚጻፍ ጽሑፍ ግን አንመክረውም።

«አዳኝ» የባሰ ነው። ከ«አደነ» የወጣው አዳኝና ከ«አዳነ» የወጣው አዳኝ በጽሕፈት አይለዩም። በሌላ ርእስ ላይ ዐውዱ ይለያቸው ነበር። እዚህ ግን የዘመዱ የኮኑስ ማጉስ መርዝ አንዱ ክፍል በቤተ ሙከራ ተመስሎ ተሠርቶ፣ ዚኮኖታይድ በሚል ስም በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለጽኑ ሕመም ማስታገሻነት ተፈቅዷል። ስለ መድኃኒቱ በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ «አዳኝ» ገዳዩን ይሁን ፈዋሹን ማን ይለያል?

በእኛ አስተያየት የሚሻለው «ዓሣ አጥማጅ» ነው። «ሥጋ በል» በሚለው አምሳያ «ዓሣ በል» ማለት ምግቡን እንጂ ዘዴውን አይነግርም። ኮኑስ ጂኦግራፉስ አፉን እንደ መረብ ዘርግቶ ዓሦችን ይውጣል፤ ለማፍዘዝም ኢንሱሊን እንደሚጠቀም በ2015 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ከዚህ በላይ ማጥመድ ከየት ይመጣል?

የዝርያውን ስም «ባለካርታ» ብሎ መተርጎም አይገባም፤ የቤት ባለይዞታ ያስመስለዋል። የላቲኑ ስም በፊደላችን ተጽፎ ይቆይ፤ ለወገኑ በሙሉ «ተናዳፊ ሾጣጣ ቀንድ አውጣ» ይበቃል፤ «ዓሣ አጥማጅ» የሚለው ቅጽል ዓሣ ለሚይዙት ዝርያዎች ብቻ ይጨመር፤ ትል የሚበሉም አሉና።