«ሐውዱል ሐያት» እና የትርጓሜ አደራ

«ሐውዱል ሐያት» የተሰኘው የዐረብኛ ኪታብ «አምሪታኩንዳ» ከተባለ፣ ዛሬ ከጠፋ የሕንድ ድርሰት የተገኘ ነው። ዩሱፍ ሑሰይን እ.ኤ.አ. በ1928 ካሳተሙት ወዲህ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጠቅሰውታል። ብዙዎቹ ግን የሚያቀርቡለት ጥያቄ አንድ ነው፤ ሱፊዮች የትንፋሽ ሥርዓትን ከዮጊዎች ወሰዱን? እኛ ከዚህ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ተርጓሚው ምን እንዳደረገ ነው እንላለን።

«ሀታ ዮጋ ፕራዲፒካ»ን በመሰሉ ድርሰቶች አስተምህሮ መሠረት በሰውነት ውስጥ «ናዲ» የሚባሉ 72,000 ረቂቅ መተላለፊያዎች አሉ። ዋነኞቹ ሦስት ናቸው፤ በግራ የጨረቃዋ «ኢዳ»፣ በቀኝ የፀሐይዋ «ፒንጋላ»፣ በመካከል «ሱሹምና»። ትንፋሽ የሚሳበው፣ የሚታገደውና የሚለቀቀው በሁለቱ ጎኖች የሚመላለሰው «ፕራና» የተሰኘው የሕይወት ኃይል ወደ መካከለኛዋ እንዲገባ ነው፤ ትንፋሽ ሲረጋ ሐሳብም ይረጋል ይላሉና።

በዐረብኛው ኪታብም የቀኝና የግራ አፍንጫ ትንፋሽ በፀሐይና በጨረቃ ይሰየማል፤ መጪውን ነገር ለመገመትም ያገለግላል (ይህ በሕንድም ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው)። ይበልጥ የሚያስደንቀው የስሞቹ ለውጥ ነው። ዮጊው ጎራክ ኺድር፣ ማትስዬንድራ ዩኑስ፣ ቾራንጊ ደግሞ ኢልያስ ሆነዋል። የማትስዬንድራ ስም «የዓሣ ጌታ» ማለት በመሆኑ ተርጓሚው ለምን ዩኑስን (ዐ.ሰ.) እንዳሰበ መገመት አያዳግትም። ማንትራዎቹም በአላህ ስሞች ተተክተዋል። በዚህ መንገድ ኪታቡ ለሙስሊም አንባቢ ቀረበ፤ ነገር ግን ዮጊው ራሱ ምን ይል እንደነበር ተሸፈነ። በመድረሳ ሸርሕን ከመትን ለይተን እንድናነብ የተማርነው ለዚህ ነበር። የነቢይን ስም ለዮጊ መስጠትም ከትርጓሜ ያለፈ፣ ዐቂዳን የሚነካ ጉዳይ ነው።

አል-ቢሩኒ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የፓታንጃሊን ድርሰት ሲተረጉም መትኑን ከሸርሑ ጋር አዋህዶ በጥያቄና መልስ አቀናብሮታል፤ ማዋሐዱን ግን ለአንባቢው አልደበቀም። ሆኖም የኢዳና የፒንጋላ አስተምህሮ በፓታንጃሊ ስለሌለ፣ አል-ቢሩኒን ለዚህ ጉዳይ ምስክር ማድረግ አይቻልም። የሸጣሪያው ሸይኽ ሙሐመድ ገውስ (እ.ኤ.አ. በ1563 የሞቱ) ግን በዐረብኛው ስላልረኩ «በሕሩል ሐያት»ን በፋርስኛ አዘጋጁ፤ የአቀማመጦቹንም ምዕራፍ አስፍተው 21 አደረሷቸው። ከዮጊዎች አፍ ለመስማት መትጋታቸው ከስም ልውውጡ ይልቅ ለዕውቀት ጠቅሟል ብለን እናምናለን።

የናቅሽበንዲያ «ሁሽ ደር ደም» ትንፋሽ ከአላህ ተዘንግቶ እንዳይወጣ መጠበቅ ነው፤ «ፕራና»ን ወደ ሱሹምና ማስገባት ዓላማው አይደለም። ይህ ከሕንድ ተወሰደ የሚል ሰው የድርጊቱን መመሳሰል ብቻ ሳይሆን፣ የመተላለፊያዎቹን አስተምህሮ ከጥንታዊ የናቅሽበንዲያ ኪታቦች አውጥቶ ሊያሳየን ይገባል።