ጎተራና መዝገብ

ወለጋ ውስጥ አንገር ጉቲን ላይ አዝመራ ሲገባ ከግቢው ሁሉ ቀድሞ ዓይን የሚይዘው ጎተራው ነው፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በእግሩ የቆመ፣ ሆዱ በቆሎ የጠገበ። «ኦጻር» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል ባነበብኩ ቁጥር በዓይኔ የሚመጣው ይህ ጎተራ እንጂ የወርቅ ሣጥን አይደለም። ቃሉ ማከማቸትን ከሚናገር ግስ የወጣ ነው። ስለዚህ የንጉሥ ግምጃ ቤትም፣ ነቢዩ ኢዩኤል በድርቅ ባዶ ሆኖ ያየው የእህል ማከማቻም፣ በዘዳግም ዝናብ የሚወርድበት ሰማይም በዚሁ አንድ ስም ይጠራሉ። ወርቁን፣ እህሉንና ዝናቡን አንድ ጣሪያ ሥር ያስገባ ቋንቋ ምንኛ የተካነ ነው!

ሌላው የዕብራይስጥ ቃል «ሐይል» ለግእዛችን «ኀይል» የሥጋ ዘመድ ነው። ብርታት፣ ሠራዊት፣ ሀብት ሁሉም በውስጡ አሉ። መጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎንን፣ መጽሐፈ ሩት ደግሞ ቦዔዝን በዚሁ ቃል ያከብሯቸዋል። ተርጓሚ አንዱን ጦረኛ፣ ሌላውን ባለጸጋ ለማለት ይገደዳል፤ ዕብራይስጡ ግን አልለያቸውም። አገር የሚጠብቀውና አዝመራ የሚያስገባው ክንድ አንድ ነው የሚል ይመስለኛል። የእኛው «ሀብት» መነሻው «ወሀበ» ነው፤ ክንዱን ትቶ ሰጪውን ያያል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

«ሚቅኔ» ላይ ስደርስ ወለጋ ራሷ ትናገራለች። ትርጉሙ ከብት ነው፤ ሥሩ ግን የራስ ማድረግ፣ ማፍራት። ኦሮምኛም ከብቱንም ሀብቱንም «ሆሪ» ይላል፤ «ሆራ ቡላ» ብሎ ሲመርቅም ርቡ፣ ብዙ ማለቱ ነው። አንዱ በከነዓን፣ አንዱ በወለጋ፣ ሁለቱም ሀብትን በበረት ቆጠሩ።

እንዲህ ያለውን ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ ለማሻገር የሰላ ጆሮ ያስፈልጋል። ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሴንት ክሪሾና ላይ በግእዝ ፊደል የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያዘጋጅ፣ ይህ ጆሮ የነበራት አስቴር ጋኖ ከጎኑ ነበረች። ከባርነት ነፃ የወጣች ልጅ ናት። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ሆና የኦሮምኛ ቃላትን አንድ በአንድ ለቀመች፤ 500 ገደማ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈንም ሰበሰበች። ግእዝ ግምጃ ቤትን «መዝገብ» ይለዋል፤ «መዝገበ ቃላት» የምንለውም ከዚያ ነው። ኦኔሲሞስና አስቴር ያንን መዝገብ ይዘው እ.ኤ.አ. በ1904 ወለጋ ገቡ።