የኪስ ካሜራና የሰው ፊት

በከተማችን ትልቅ ካሜራ አንግቶ ጎዳና የወጣ ሰው ብዙ ሳይራመድ ይታወቅበታል። አንዱ ጎረምሳ ፀጉሩን አስተካክሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ‹‹አንሳኝ!›› ይለዋል። ጉሊት የተቀመጠችው እናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ትዞራለች። ትንሽ ራመድ ሲል ደግሞ የሆነ ሕንፃ ጥበቃ ‹‹ወንድም፣ ፈቃድ አለህ?›› ብሎ ያስቆመዋል። ሁሉም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ አልፈርድባቸውም። ለጎዳና ፎቶግራፍ ግን ሁሉም መርዶ ናቸው። ሰውየው ሊያነሳው የመጣው ጎዳና፣ ካሜራውን ባየ ቅጽበት ሌላ ጎዳና ሆኖበታልና።

የጎዳና ፎቶግራፍ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላስቀድም። ሠርግ አይደለም፤ ዜና አይደለም፤ የቱሪስት ፖስት ካርድም አይደለም። ማንም ያላዘጋጀውን የአደባባይ ኑሮ እንዳለ ማንሳት ነው። ታክሲ የሚጠብቅ ሰልፍ፣ ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያንቀላፋ ጡረተኛ፣ ዝናብ ሲመጣ በረንዳ ሥር የተፋፈጉ የማይተዋወቁ ሰዎች። ለዚህ ሥራ ‹‹እንደ ኪስ ካሜራ ያለ የለም›› የሚሉ ብዙ ናቸው። ‹‹የሌባ ዕቃ ናት›› የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱንም ወገን በግማሽ ነው የማምናቸው።

ነገሩን በጅምላ እንዳላወራ አንዷን ልያዝ። ሪኮ ጂአር የምትባል የጃፓን ካሜራ አለች። በፊልም የምትሠራው ታላቋ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣች፤ ዲጂታሏ በ2005 ተከተለች። እኔ ዘንድ ያለችው የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ያመጣልኝ፣ በ2019 የወጣችው ሦስተኛዋ ናት። ባትሪዋን ጨምሮ 257 ግራም ትመዝናለች፤ ሩብ ኪሎ ቡና በሉት። ኮት ኪስ ውስጥ ገብታ አትታወቅም። መልኳ ደግሞ ምንም አይስብም። አንድ ወዳጄ እጄ ላይ አይቷት ‹‹ይቺን ነው ከአሜሪካ ድረስ ያመጣልህ?›› ብሎኛል። ውስጧ ግን በብዙ ትልልቅ ካሜራዎች ውስጥ ያለውን የሚያህል ሴንሰር አለ፤ ምስሉ አጉልተው ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉት አያሳፍርም።

ትልቅ ካሜራ ሰው ‹‹ዛሬ ፎቶ ላነሳ ነው›› ብሎ አስቦ፣ ቦርሳ አዘጋጅቶ ይዞት የሚወጣው ዕቃ ነው። ይቺ ግን ዳቦ ሊገዙ ሲወጡም አብራ ትወጣለች። ጎዳና በቀጠሮ ስለማይሠራ ይኼ ቀላል ጥቅም አይደለም። ፈጣንም ናት። ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተከፍታ ዝግጁ ትሆናለች። ርቀቱን አስቀድሞ በ2 ሜትር ላይ ወስኖ፣ የሌንሱን ቀዳዳ ጠበብ አድርጎ ለተወ ሰው፣ ከ1 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቅ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ካሜራዋ ‹‹የቱን ላጥራ?›› እያለች አታስጠብቅም። ቁልፉን መጫን ብቻ ነው።

እኔ አብዝቼ የምወድላት ግን ብዙ ሰው እንደ ጉድለት የሚቆጥረውን ነው። ዙም የላትም። ሌንሷ 28 ሚሊ ሜትር የሚባለው፣ ሰፋ አድርጎ የሚያየው ዓይነት ነው። በእሷ የሰው ምስል እንደ ልብ እንዲጎላ ከተፈለገ አንድ ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሜትር መጠጋት ግድ ነው። ያ ደግሞ በእኛ አገር ሰላምታ የሚሰጥበት ርቀት ነው። እዚያ ድረስ ተጠግቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረ ጊዜ ብዙ ሰዓት ከሚወስዱብኝ ርዕሶች አንዱ አንጻር ነበር። ተራኪው የት ቆሞ ነው የሚያወራው? ምን ያህል ያውቃል? ተማሪዎቼ ይሰላቹበት ነበር፤ ‹‹የት ቢቆምስ ታሪኩ ያው አይደል?›› ይላሉ። ካሜራ በእጃቸው ብሰጣቸው ኖሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገባቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። ማዶ ካለ ፎቅ ላይ ሆኖ በረጅም ሌንስ የአንዲት እናት እንባ የሚያነሳ ሰው ሁሉን አወቅ ተራኪ ነው። ሁሉን ያያል፤ እሱ ግን የለም፤ ማንም አይጠይቀውም። ከአጥር ጀርባ ሆኖ የሰው ወሬ እንደሚያዳምጥ ሰው ነው። በ28ቱ የሚያነሳው ግን ታሪኩ ውስጥ ገብቷል። ጥላው መሬቱ ላይ ይወድቃል። ፎቶውን የሚያየውም ሰው ይኼ ይታወቀዋል፤ የሆነ ሰው አጠገብ የቆመ ይመስለዋል።

ይቺን ካሜራ ስማቸው ካስጠራላት ሰዎች አንዱ ጃፓናዊው ዳይዶ ሞሪያማ ነው። የቶኪዮን ሺንጁኩ ሰፈር እንደ ውሻ እያነፈነፈ ሲዞር ኖሯል ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በመመልከቻው ሳያይ ነው የሚያነሳው። ጥቁርና ነጭ፣ ሻካራ፣ የተንጋደደ ምስል። ሥራውን አከብራለሁ። ኮራጆቹን ግን አልወዳቸውም። የመርካቶን ሰው ፊት አጥቁሮ፣ አጋድሞ፣ አሸዋ የተነሰነሰበት አስመስሎ ‹‹ጥበብ›› ብሎ የሚያቀርብ ወጣት ሲያጋጥመኝ፣ መርካቶ ቀለም እንዳላት ማን በነገረው እላለሁ።

ወደ ጉድለቷ እንምጣ። ባትሪዋ ትንሽ ነው። ፋብሪካው ራሱ 200 ያህል ምስል ነው ተስፋ የሚሰጠው፤ ሁለት መለዋወጫ ይዞ ያልወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ይመለሳል። ዓይን የሚያስጠጉበት መመልከቻ የላትም። ያለው ከኋላ ያለው መስታወት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በጥቅምት ፀሐይ የራስን ግንባር ከማሳየት ያለፈ አይረባም። ፍላሽ አብሯት አልተሠራም። ዝናብ አትችልም። ከሁሉ የከፋው አቧራ ነው። ሌንሷ ሲከፈት ወጣ፣ ሲዘጋ ገባ ይላል፤ በዚያ መመላለስ አቧራ ስባ ታስገባለች። ሴንሰሯ ላይ አንድ ጊዜ ከተቀመጠ ደግሞ ሌንሱ ስለማይፈታ በቤት ውስጥ ማጽዳት አይቻልም። በያዘው ጎዳና ሁሉ ሲቆፈርና ሲገነባ በሚውል ከተማ ይኼ ጨዋታ አይደለም። ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ ማየት ስትጀምሩ ምን እንደሆነ እወቁት፤ አሞራ አይደለም። ይኼ ሁሉ ግን የዕቃ ጉድለት ነው፤ በገንዘብና በጥንቃቄ ይታለፋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ‹‹ማንም አያያችሁም›› የሚለው ሙገሳ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ፖል ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1916 ኒውዮርክ ጎዳና ላይ ካሜራው ጎን የውሸት ሌንስ ገጥሞ፣ ሰው ሌላ አቅጣጫ የሚያነሳ መስሎት ሲዘናጋ በእውነተኛው ሌንስ ያነሳ ነበር። በዚያ ሰሞን ካነሳቸው ሁሉ ዝነኛው የአንዲት ዓይነ ስውር ሴት ምስል ነው። ማየት እንደማትችል የሚገልጽ ጽሑፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። እስቲ አስቡት፤ ለማታይ ሴት ማዘናጊያ ይዞ መውጣት! ፎቶግራፉ ታላቅ ነው። በየጊዜው ስመለከተው ግን አንድ ነገር ይቆጠቁጠኛል።

ሌላው አሜሪካዊ ዎከር ኤቫንስ ከ1938 እስከ 1941 ድረስ ካሜራውን ካፖርቱ ሥር ደብቆ፣ ሌንሱን በቁልፎቹ መካከል ብቅ አድርጎ፣ ማንሻውን ገመድ በእጅጌው አሳልፎ የኒውዮርክ ምድር ውስጥ ባቡር ተሳፋሪዎችን አነሳ። መጽሐፉ የታተመው በ1966 ነው፤ ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ያን የመሰለ የሰው ፊት በብዛት አላየሁም፤ ማንም ለማንም ያልተዘጋጀበት ፊት። ኤቫንስን ቢያንስ በአንድ ነገር ይቅር እለዋለሁ፤ እሱም ተሳፋሪ ሆኖ ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል።

በእኛ ጎዳና ግን ሳይታወቀው የሚነሳው ማነው? መስታወቱን ባጠቆረ መኪና የሚሄደው አይደለም። ቤቱ ገብቶ በሩን የሚዘጋውም አይደለም። የሚነሳው የሚዘጋው በር የሌለው ነው። የሚተኛው፣ የሚበላው፣ ልጅ የሚያጠባው፣ የሚያለቅሰው ጎዳና ላይ የሆነ ሰው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እጇን ዘርግታ የተቀመጠች አሮጊት ‹‹በአደባባይ ነው ያለችው›› ተብሎ ይነገረኛል። አደባባዩን መርጣ መጣች እንዴ?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27፣ የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ በር ይከፍታል፤ ሰውየው የታወቀ ወይም ባለ ሥልጣን ከሆነ፣ ፍትሕ ወይም ፖሊስ ከፈለገው፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ከሆነ፣ ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ጎዳና ላይ መተኛት ‹‹በአደባባይ የተደረገ ነገር›› ነው ወይ? ለሕግ ባለሙያዎች እተወዋለሁ። ይሁንና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይድረስ ቢባል እንኳ ያቺ አሮጊት ጠበቃ ይዛ እንደማትሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በዚህ ጉዳይ አጥብቆ ይሞግተኛል። ‹‹ጋሼ፣ ከጠየቅሁት እኮ ፎቶው ሞተ! ከዚያ በኋላ የሚሰጡኝ የፎቶ ፊታቸውን ነው›› ይለኛል። እውነቱን ነው። አስቀድሞ ማስፈቀድ ለብዙ ምስል ሞት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ አንሳና ቁም። ትንሿ ካሜራ ሰው ሳይነቃ ለማንሳት ታገለግላለች፤ ካነሱ በኋላ ለመሰወር ግን ሰበብ ልትሆን አይገባም። ሁለት ሜትር ላይ ነህ፤ ሰላም በል፤ ያነሳኸውን አዙረህ አሳይ።

አራት ኪሎ አካባቢ በቆሎ የምትጠብስ ሴት እንዲህ ሳነሳት ቀና ብላ ‹‹ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉት ነው?›› አለችኝ።

‹‹ለራሴ ነው፣ እህቴ። ካልወደድሽው አጠፋዋለሁ።››

‹‹እስቲ ያሳዩኝ።›› ጎንበስ ብላ አየችና ‹‹ወይ ጉድ! ጭሱ እንጂ እኔ የታለሁ?›› ብላ ሳቀች። ከዚያ ‹‹ይሁን፣ ይቀመጥ›› አለች። ሁሌ እንዲህ አያልቅም። በሌላ ቀን አንድ ተሸካሚ ‹‹አጥፋው›› አለኝ፤ እያየ አጠፋሁት። ጥሩ ፎቶ ነበር።

‹‹ታዲያ ስልክ አይበቃም?›› ትሉኝ ይሆናል። ለብዙው ይበቃል። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን ጎዳና ሰዎች በስልኩ እያነሳ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት አግኝቷል፤ ከዚያ በኋላ ‹‹ካሜራ ስለሌለኝ ነው›› ማለት ያስቸግራል። ግን ዛሬ ሰው ስልክ ሲደገንበት የሚያስበው ሌላ ሆኗል። ‹‹ቲክቶክ ላይ ልትለቁን ነው?›› ነው ቀዳሚው ጥያቄ። የእኔዋን ሲያዩ ግን ያረጀ የፊልም ካሜራ ትመስላቸዋለች፤ ይዝናናሉ። እሷም ዋይፋይ አላት፤ ማን ይንገራቸው! ስለዚህ አመኔታው ሙሉ በሙሉ የሚገባት አይደለም። ያን አመኔታ መጠበቅ የባለቤቷ ሥራ ነው።

ይኼን ሁሉ ብዬም ኪሴ ውስጥ ትኖራለች። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ አካባቢ ሲፈርስ፣ እዚያ የኖሩ የማውቃቸው ሰዎች ስለ ሰፈራቸው ምን ፎቶ እንዳላቸው ጠይቄ ነበር። ሠርግ አላቸው፤ ምርቃት አላቸው፤ ፎቶ ቤት ገብተው በተሣለ ፏፏቴ ፊት ቆመው የተነሱት አላቸው። ያደጉበትን ቅያስ የያዘ ፎቶ ግን ያገኘሁት በጣም ጥቂት ሰው ዘንድ ነው። ማን ያነሳዋል? የየቀኑ ነገር ነዋ።

ከመፍረሱ በፊት እዚያ ቡና የምትሸጥ ሴት አንስቼ ነበር፤ አስፈቅጄ ያስቀረሁት ነው። ሌላ ሰፈር ከገባች በኋላ አሳትሜ ወሰድኩላት። ራሷን ብዙም አላየችም። ጣቷን ከትከሻዋ ኋላ ወዳለው፣ ትንሽ ወደ ደበዘዘው ጥግ ወስዳ ‹‹ይቺ የጎረቤቴ በር አይደለችም?›› አለች። ናት አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችውና ‹‹በሩ ብቻ ያለበት የለዎትም?›› ብላ ጠየቀችኝ። አልነበረኝም።