ከጀሪካን የወጣ ማርቴሎ

ይህን የፕላስቲክ ማርቴሎ ያየ ሁሉ የሚያደንቀው ቀለሙን ነው፤ በቢጫው መሐል ነጭ ጅማት እየተጠማዘዘ ያልፋል። እኔ ግን ገልብጬ ሥሩን አያለሁ። ፕላስቲኩ ወደ ሞልዱ የገባበት ጠባሳ እዚያ አለ፤ አውራ ጣት ያህል የሚወፍር፣ በስለት ተቆርጦ በሞረድ የተስተካከለ ክብ። በፋብሪካ ዕቃ ላይ ይህ ምልክት ብዙውን ጊዜ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። እዚህ የሰፋው ሠሪው ቁሳቁሱን ስለሚያውቅ ነው።

ቁሳቁሱ የተፈጨ የፖሊኢትሊን ጀሪካን ነው። ጀሪካን በአየር ተነፍቶ ይሠራል፤ የቀለጠው ፕላስቲክ ቱቦ ሆኖ ይንጠለጠላል፣ ሞልዱ ይዘጋበታል፣ ከዚያ አየር ይገባበታል። ተንጠልጥሎ ሳለ በገዛ ክብደቱ ተስቦ እንዳይወርድ ቅልጡ ወፍራም መሆን አለበት። ስለዚህ የሞለኪውሎቹ ሰንሰለት ረጅም ነው፤ እንደ ተዘበራረቀ ልቃቂት እርስ በርሱ ተያይዟል። እንደዚህ ማርቴሎ ቅልጡ በግፊት ወደ ሞልድ ገብቶ (በኢንጀክሽን) የሚሠራ ዕቃ ደግሞ በጠባብ መንገድ ሮጦ ጥጋጥጉን የሚሞላ ቀጭን ቅልጥ ይፈልጋል። ልዩነቱ የሚለካበት ፈተና አለ፦ ፕላስቲኩ በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀልጦ፣ 2.16 ኪሎ ክብደት ተጭኖበት፣ 2 ሚሊሜትር ገደማ በሆነች ቀዳዳ በ10 ደቂቃ ስንት ግራም እንደሚወጣ ይመዘናል። ለኢንጀክሽን የሚመረተው ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 20 ግራም ይሰጣል። የጀሪካኑ ግማሽ ግራም አይሞላም።

ማርቴሎው የተሠራበት መሣሪያ ሆላንዳዊው ዴቭ ሃከንስ እ.ኤ.አ. በ2013 በጀመረው ፕሬሽየስ ፕላስቲክ በተባለ ፕሮጀክት አማካይነት ንድፉ ለዓለም በነፃ የተሰጠው ዓይነት ነው፤ የሚሞቅ የብረት ቱቦ፣ ፒስተንና ረጅም የእጅ ዘንግ። የሃያት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1872 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበት የኢንጀክሽን ማሽንም የሚሠራው በፒስተን ግፊት ነበር። የእጅ መሣሪያው የሚያማስል ብሎን ስለሌለው ሙቀቱ ከቱቦው ግድግዳ ወደ መሐል የሚሄደው በቀስታ ነው። ቸኩሎ የገፋ ሰው ዳሩ የቀለጠ፣ ልቡ ያልበሰለ ፕላስቲክ ያገኛል። እሳት ጨምሮ ማፍጠንም መጨረሻው ጭስ ነው፤ ከጨሰ ደግሞ ሰንሰለቱ መበላሸት ጀምሯል።

ነጩ ጅማት የሚያምረውም ስላልተማሰለ ነው። ወፍራም ቅልጥ ቶሎ አይዋሃድም፣ ስለዚህ የሄደበትን መንገድ በቀለም ጽፎ ይተወዋል። በጠባብ ቀዳዳ ተተፍቶ ቢሆን ኖሮ እንደ ገመድ ተጣጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ ሳይያያዝ በቀረ ነበር። እዚህ ግን ጅማቶቹ ከጠባሳው ተነሥተው ወደ ሁለቱ ጫፎች እኩል ይዘረጋሉ። ሞልዱ አስቀድሞ መሞቁንም ከቆዳው አነብባለሁ፤ የቀዘቀዘ ብረት የነካ ፕላስቲክ የሚያሳየው ሽብሽብ የለበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ከተሞላ በኋላ ያለው ነው። ይህ ፕላስቲክ ከቅልጥነት ወደ ጠጣርነት ሲመለስ ከይዘቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ድብልብል ዕቃ ታዲያ ወይ ፊቱ ይሰረጉዳል፣ ወይ ሆዱ ባዶ ይሆናል። መድኃኒቱ የጎደለውን እየተኩ ዘንጉን ተጭኖ መቆየት ነው። መግቢያው ቀድሞ ከረጋ ግን ቢጫኑት ከንቱ ነው፤ አውራ ጣት ያህል የወፈረው ለዚህ ነው። የማርቴሎው ፊት ላይ ማስመሪያ ባጋድም ብርሃን የሚያሾልክ ክፍተት አላየሁም።

ለእጀታው ቀዳዳ የተደረገውን ደግሞ እዩ። ሞልዱ ውስጥ ብረት አቁሞ ማውጣት ይቻል ነበር። ያኔ ቅልጡ ብረቱን ዞሮ ማዶ ሲገናኝ ስፌት ይተዋል፤ ወፍራም ፕላስቲክ እዚያ ላይ በደንብ አይጋባም፣ ማርቴሎም የሚሰነጠቀው በእጀታው በኩል ነው። ሠሪው ድፍኑን አውጥቶ ኋላ በትራፓኖ በሳው። ያስመሰግነዋል።

ለመፍሰስ የሚያስቸግረው የሰንሰለቱ ርዝመት ነው ዕቃውን ጠንካራ የሚያደርገው፤ የተያያዘ ሰንሰለት በምት ቶሎ አይላቀቅም። የዚሁ የፖሊኢትሊን ዘር ጽንፍ የሆነው፣ በዚያ ፈተና ጨርሶ የማይፈሰው ዓይነት፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ለሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ የመረጠው ነው።

ከጀሪካን ማበጠሪያ ለመሥራት ለምታስቡ፦ ተዉት፣ ጥርሶቹ አይሞሉላችሁም። ወፍራም፣ አጭርና የሚመታ ነገር ሥሩበት፤ መግቢያውንም አታጥብቡበት።